ኮሚናሏ ለሕጻናት ትሁን ስል እጅ ያወጣነው ስድስት ነን

የብሎክ እናት (ቱሉ ዲምቱ) · እሁድ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ የብሎካችን ስብሰባ ነበር። ሆዴ አልችል ስላለ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ጉዳዩ ኮሚናሏ ናት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቋታላችሁ። በብሎኮቹ መሃል ያለችው፣ እንጀራ ይጋገርባት፣ በግ ይታረድባት ተብላ የተሰራችው ቤት። የኛዋ ከገባን ጀምሮ ግማሿ የእድር ድንኳን ብረትና የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ናት። ግማሿ ባዶ ነው። አሁን አንድ ነጋዴ ለሲሚንቶ መጋዘን አከራዩኝ ብሎ መጣ። ኮሚቴውም ኪራዩን ለጥበቃ ደሞዝና ለተቃጠለው የውሃ ፓምፕ እናውለው አለ።

እኔ ተነስቼ ለሕጻናት ማዋያ ብናደርጋትስ አልኩ። በሦስቱ ብሎክ ብቻ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ደረጃ ለደረጃ እየዞርኩ ቆጥሬያለሁ። 38 ናቸው። ኬጂ የሚሄዱት 11 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ወይ ቤት ተቆልፎባቸው፣ ወይ ጎረቤት ተሰጥተው፣ ወይ ደረጃ ላይ ነው የሚውሉት።

ድምፅ ተሰጠ። ለሲሚንቶው 41 እጅ። ለልጆቹ 6።

ክፋት አልነበረም። እነዚያ 41 ሰዎች ልጄን በስሟ ይጠሯታል፣ ከረሜላ ይሰጧታል። ግን ቅድሚያ ለምን ይሰጥ ሲባል ውሃ፣ ጥበቃ፣ መንገድ ይመጣል። ልጅ መጨረሻ ላይ ነው። አንድ የማከብራቸው ጎረቤት ሲወጡ ትከሻዬን መታ አድርገው “አይዞሽ፣ ልጅ እንደሆነ ያድጋል” አሉኝ።

እኔ የምሰራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ከሌሊቱ 11፡30 ወጥቼ የአውቶቡስ ሰልፍ እይዛለሁ። የምገባው ማታ 1፡30 አልፎ ነው። ልጄ ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነው። አንዲት ጎረቤት ጋር ትውላለች። ሴትዮዋ ደግ ናት፣ ግን የራሷም ሦስት አሏት። ባለፈው ሳምንት ማታ ልጄን “ዛሬ ምን ስትሰሩ ዋላችሁ?” አልኳት። “ዝም ብዬ ዋልኩ። ጎበዝ ተባልኩ” አለችኝ።

ዝም በማለቷ ነው የተመሰገነችው። አፏ በሚፈታበት፣ ይሄ ምንድነው፣ ያ ለምንድነው በምትልበት ዕድሜዋ።

አገር ለሕጻናት ቅድሚያ ይስጥ ሲባል ሁላችንም አሜን እንላለን። እውነቱን ንገሩኝ። እናንተ ብትሆኑ ዛሬ እጃችሁን ለየትኛው ታወጡ ነበር?


ባለ ሚኒባሱ (የካ አባዶ) · እሁድ ማታ 3፡02

እህቴ፣ እኔ ለፓምፑ ነበር የማወጣው። እኛ ጋ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ሌሊት ነው። ባለቤቴ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን ተሸክማ ትወጣለች። ልጅም የሚታጠበው በዚያው ውሃ ነው። ፓምፕ ሳይኖር ማዋያ ቢከፈት 38 ሕጻን እጁን በምን ሊታጠብ ነው?

መንግሥትም እንደ አባወራ ነው። ያለችውን አብቃቅቶ ነው የሚኖረው። መንገድ ይጠበቅበታል፣ መድኃኒት ይጠበቅበታል፣ ለወጣቱ ሥራ ይጠበቅበታል። በዚህ ላይ የሦስት ዓመት ልጅ ማስተማሪያ ከየት ይመጣል?

ደግሞ እኔ ኬጂ የሚባል ነገር አላየሁም። መርሐቤቴ አያቴ ጋር ነው ያደግኩት። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ይኸው ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። ሐሳብሽን ንቄ አይደለም። የሚሰማኝን ነው የነገርኩሽ።


የአንደኛ ክፍል መምህርት (አቃቂ) · እሁድ ማታ 3፡40

ወንድሜ፣ ስለ ውሃው ያልከው ልክ ነው። አልከራከርህም። “ኬጂ አላየሁም” ያልከው ላይ ግን ትንሽ ልበል።

አያትህ እኮ ትምህርት ቤትህ ነበሩ። ማታ እሳት ዳር “እንቆቅልህ” ሲሉህ “ምን አውቅልህ” ብለህ ጭንቅላትህን አሰርተሃል። ካልመለስክ አገር ስጠኝ ተብለህ ሰጥተሃል። ጥጃና በግ ስትመልስ መቁጠር ለምደሃል። ከሰፈር ልጆች ተጣልተህ ራስህ ታርቀሃል። ጭቃ ጠፍጥፈህ በሬ ሰርተሃል። ጣትህን ለእርሳስ ያዘጋጀልህ ያ ጭቃ ነው። አንተ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትማር ነበር።

የዛሬው የኮንዶሚኒየም ልጅ ይህ የለውም። አያቱ አገር ቤት ናት። ሜዳው አጥር ሆኗል። አብሮት የሚውለው ቲቪ ነው። ያኔ በነጻ ያገኘነው ጠፍቶብን ሳለ በምትኩ ምን አኖርን? የኔ ጥያቄ ይሄ ነው።

አንደኛ ክፍል ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። ዘንድሮ መስከረም ላይ አንድ ዴስክ ያስቀመጥኳቸውን ሁለት ልጆች ላሳያችሁ። አንዷ ኬጂ ነበረች። እርሳሷን በሦስት ጣት ትይዛለች። ሽንቷ ሲመጣ እጇን ታወጣለች። አጠገቧ ያለው ልጅ እኩያዋ ነው። እርሳሱን እንደ ማማሰያ ጨብጦ ሲጫን ወረቀቱ ተቀደደ። ደብተሩን ገልብጦ ነበር የያዘው። ሽንቱ ሲመጣ መናገር ፈርቶ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ አለቀሰ። ደካማ ልጅ አይደለም። በሁለት ሳምንት የክፍሉን ልጅ ሁሉ ስም ከነአባቱ አወቀው። ግን ክፍሉ 58 ተማሪ ነው፣ እኔ አንድ ነኝ። እኔ “ሐ” ስደርስ እሱ ገና “ሀ” ላይ ነው። ጥር ላይ ሰሌዳ ጋ ስጠራው “ቲቸር፣ እኔ አልችልም” አለኝ።

ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ምግብ አልበላልኝም።


ባለ ሚኒባሱ (የካ አባዶ) · እሁድ ማታ 3፡58

አያቴን በዚህ ዓይን አይቻቸው አላውቅም። ላስብበት።


ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር (ገላን) · ሰኞ ጠዋት 2፡20

ብዙ ዓመት በትምህርት ሥራ ላይ ነበርኩ። ነገሩ ከየት እንደመጣ ብናውቅ ይጠቅማል።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕጻናትን ጠቅሶታል። ዕድሜውም ከ4 እስከ 6 ነው ብሏል። ግን ከፍቶ ማስተማሩን መንግሥት በራሱ ላይ አላደረገውም። ለግለሰብ፣ ለማኅበረሰብና ለድርጅቶች ተተወ። ስለዚህ መዋዕለ ሕጻናት ከፋይ ባለበት በቀለ። ቦሌ ሞላ። ዳር አገርና ገጠሩ ባዶውን ቀረ።

በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድ ላይ ሆነው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ በኋላ ነው ኦ ክላስ የምንለው፣ አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ያለው አንድ ዓመት፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግቢ የተስፋፋው። ቁጥሩ በጣም ጨመረ። ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም። ብዙ ቦታ ግን የተሰጠው የተረፈው ክፍል ነው። የተረፈው ወንበር፣ የተረፈው መምህር። እግሩ መሬት የማይደርስ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ዴስክ ላይ ተቀምጦ አይቻለሁ። በ2015ቱ አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛ ደረጃ ሁለት ዓመት ሆኗል። ልጁ 5ና 6 ዓመቱን እዚያ ቆይቶ በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል ይገባል።

አሁን አንድ ሒሳብ ልንገራችሁ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገር ደነገጠ። ኩረጃ ተባለ፣ ሁለተኛ ደረጃ መምህር ተወቀሰ። እኔ ግን የልጆቹን ዕድሜ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። 2014 ላይ 18 ዓመት የሆነው ልጅ፣ ያ ማዕቀፍ በወጣበት በ2002 ስድስት ዓመቱ ነበር። ወረቀቱ ሲፈረም እሱ በሩ ላይ ነበር። አብዛኛው የዚያ ዕድሜ ልጅ ግን ኬጂ ሳያይ ነው አንደኛ ክፍል የገባው። በዚያው በ2002 በተደረገ የንባብ ምዘና ደግሞ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ጣሪያው ያፈሰሰው 12ኛ ክፍል ላይ ነው። መሠረቱ ግን ከመጀመሪያውም አልተጣለም ነበር።

ባለ ሚኒባሱ ልጄ፣ “ብር ከየት ይመጣል?” ላልከው። አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ኢፕሲላንቲ በምትባል ከተማ በ1960ዎቹ በነሱ አቆጣጠር አንድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆች። ገሚሶቹ በደንብ የታሰበበት ቅድመ ትምህርት አገኙ፣ ገሚሶቹ አላገኙም። 40 ዓመት እስኪሞላቸው ተከታተሏቸው። የተማሩት በብዛት ሁለተኛ ደረጃ ጨረሱ፣ የተሻለ ገቢ አገኙ፣ ፖሊስ ጣቢያ የገቡትም ጥቂት ሆኑ። ጄምስ ሄክማን የሚባል የኖቤል ተሸላሚ ኢኮኖሚስት ይህን አስልቶ፣ ለትንሽ ልጅ የወጣ ብር ዘግይቶ ከሚወጣው የበለጠ ይመልሳል ይላል። አሜሪካ እኛ አይደለችም፣ አውቃለሁ። 123 ልጅም ትንሽ ነው። ግን አያት የሌለው ልጅ እዚያም እዚህም አንድ ነው።

ዩኒሴፍ አገሮች ከትምህርት በጀታቸው ቢያንስ 10 በመቶውን ለቅድመ አንደኛ ደረጃ እንዲያውሉ ይመክራል። በየስብሰባው ልንጠይቅ የሚገባን ይህቺን ቁጥር ነው። ፖሊሲው አለ። በጀቱስ?


ሚስ (ሰሚት ጫፍ) · ሰኞ ማታ 1፡50

የግል ኬጂ መምህርት ነኝ። ስም አልጠራም። የኛ ኬጂ ያለው ኮንዶሚኒየም ሥር ነው፣ ለሱቅ በተሰራ ቤት። በሩ የብረት መዝጊያ ነው፣ ጠዋት ወደ ላይ እንገፋዋለን። መስኮት የለውም። 34 ልጅ በአንድ ክፍል። ውጪ የባጃጅ ተራ ነው፣ ስለዚህ ልጆቹን ማውጣት አንችልም።

ልቤን የሚሰብረው ጥበቱ እንኳን አይደለም። ሥራው ነው። የኬጂ 1 ልጅ፣ አራት ዓመት ያልሞላው፣ በቀን ሁለት ገጽ እንዲጽፍ አደርገዋለሁ። ትንሿን ኤ አንድ ገጽ፣ ቁጥር አንድ ገጽ። እንቅልፉ መጥቶ ደብተሩ ላይ የተኛ ልጅ ቀስቅሼ አጽፌአለሁ። ይህን ስጽፍ እያፈርኩ ነው።

ያሰለጠኑን እንዲህ አይደለም። በጨዋታ፣ በመዝሙር፣ በአሸዋና በውሃ፣ በተረት ነው ያሉን። አንድ ሳምንት ሞከርኩት። የቆርኪ መቁጠሪያ ሰራሁ። ልጆቹ ቆርኪውን በቀለም ሲለዩ፣ አስር አስር ሲደረድሩ ደስታቸው ልዩ ነበር። አንዲት አፍ አውጥታ የማታወራ ልጅ “ሚስ፣ የኔ ቢጫ በለጠ!” ብላ ጮኸች። አርብ ዕለት ወላጆች መጡ። “ደብተሩ ባዶ ነው። በወር ይህን ያህል የምንከፍለው ቆርኪ እንዲጫወት ነው?” አሉ። ባለቤቱ ጠራኝ። ሰኞ ወደ ኤ ተመለስን።

ደሞዜ የቤት ኪራዬን ከፍሎ የሚተርፈው ለትራንስፖርት ነው። አብሮኝ የተመረቀ ሁሉ ማለት ይቻላል ሥራውን ትቷል። ሕዝቡ ቅድሚያ ይሰጥ ይላል፣ እውነት ነው። ግን የሚፈልገው ምን ዓይነቱን ነው? እንግሊዝኛ የሚያነበንብ ልጅ ነው የሚፈለገው። የብሎክ እናት፣ ያቺ ኮሚናል ከተከፈተች እባክሽ በኤ ደብተር እንዳትሞላ።


ከፋዩ አባት (ሰሚት) · ሰኞ ማታ 2፡31

ሚስ፣ ከነዚያ ወላጆች አንዱ ልሆን እችላለሁ። ልጄን ማሰቃየት ፈልጌ አይደለም። አንደኛ ክፍል ሊገባ ሲል ጥሩ የሚባሉት የግል ትምህርት ቤቶች ይፈትኑታል። በእንግሊዝኛ። ካለፈ ገባ፣ ካላለፈ ተመለስ ነው። ባለፈው ዓመት የወንድሜ ልጅ ተመልሷል። ስድስት ዓመቱ ነው፣ ማታ “ሰነፍ ነኝ እንዴ?” ብሎ አባቱን ጠየቀው። እኔ ያን ፈርቼ ነው ደብተር የማየው። ቆርኪውን ብትነግሪኝ፣ ለምን እንደሆነ ቁጭ አድርገሽ ብታስረጂኝ እሰማሽ ነበር ብዬ አስባለሁ። ያስረዳኝ ሰው የለም።


ሚስ (ሰሚት ጫፍ) · ሰኞ ማታ 2፡44

እውነትዎን ነው። እኔም ቁጭ ብዬ አላስረዳሁም። ፈራሁ። ለስድስት ዓመት ልጅ ፈተና የሚያዘጋጁትም ቢያስቡበት።


የፋብሪካዋ (ቂሊንጦ) · ሰኞ ሌሊት 5፡10

ከፈረቃ አሁን ገባሁ። ሁሉንም አነበብኩ። እናንተ ስለ ኬጂ ታወራላችሁ፣ እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ስላለው ልንገራችሁ።

ሕጉ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ነው፣ እኛ ጋ ለጥፈውታል። ጥሩ ነው። ግን 91ኛው ቀን ላይ ልጁ የት ይሂድ? የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞች የሕጻናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ በሲቪል ሰርቫንት አዋጁ ላይ አለ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁም።

ልጄን የምትይዝልኝ ከአገር ቤት ያመጣኋት የአጎቴ ልጅ ናት። 12 ዓመቷ ነው። አምስተኛ ክፍል አቋርጣ ነው የመጣችው። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ገባሁ። ልጄ አልጋ ላይ ተኝቷል። እሷ ከጎኑ ተቀምጣ በጣቷ አቧራ ላይ ማካፈል ትሰራለች። 84 ለ 7። ስታየኝ በእጇ አጠፋችው።

የኔ ልጅ ማዋያ ስላላገኘ ሌላ ልጅ ከትምህርት ወጣች። እኔ አወጣኋት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሲሚንቶ ያስበለጡት ጎረቤቶችሽ ይህን አልቆጠሩም። የቆጠርሽው 38 ልጅ ነው። ከነሱ ጀርባ ስንት እንደዚህ ያለች ልጅ አለች? እሷንም ቁጠሪያት።


የብሎክ እናት (ቱሉ ዲምቱ) · ማክሰኞ ጠዋት 1፡25

እህቴ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት። እቆጥራታለሁ። ቃሌ ነው።


አባባ (አስኮ) · ማክሰኞ ቀን 6፡15

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

እኔ የተማርኩት የኔታ ዘንድ ነው። ዛፍ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን። ሀሁ፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። እስላም ጎረቤቶቻችን ቁርአን ቤት ይሄዱ ነበር። አለንጋው ክፉ ነበር፣ ያን አላደንቅም። ግን ለድሃም ለባለጸጋም አንድ ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ ጠዋት የሚሄድበት ቦታ ነበረው። ዘመናዊው መዋዕለ ሕጻናት መጀመሪያ የተከፈተው ድሬዳዋ ለባቡር ሐዲዱ ፈረንሳዮች ልጆች ነው ይባላል። ለኛ ልጅ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው።

በደርግ ጊዜ ቀበሌያችን መዋዕለ ሕጻናት ከፍቶ ነበር። ብዙ ክፉ ነገር የታየበት ዘመን ነው፣ ሌላውን አላነሳም። መዋዕለ ሕጻናቱ ግን ቆርቆሮ ቤት ሆኖ ሰፈሩ ይኮራበት ነበር። እናቶች ተራ ገብተው ያበስሉ ነበር። ወንዶች ዥዋዥዌውን ከጎማ ሰራን። ከዚያ መንግሥት ተለወጠና የኛ ሰፈሩ ተዘጋ፣ ቦታው ለሌላ ሆነ። ማንም “ለምን?” አላለም። እኔም አላልኩም፤ ያኔ ልጆቼ አድገው ነበር።

ሰው ለልጅ የሚጮኸው የራሱ ልጅ ትንሽ ሳለ ብቻ ነው። አምስት ዓመት ቶሎ ያልፋል፣ ጩኸቱም አብሮ ያልፋል። ሰልፉ ላይ ሁልጊዜ አዲስ እናት ናት። ለዚህ ነው እኛ ሽማግሌዎች እጃችንን ማውጣት ያለብን።


የጤና ኤክስቴንሽን (ቦሌ አራብሳ) · ማክሰኞ ማታ 1፡05

አባባ፣ ዕድሜ ይስጥዎ።

አጭር ነገር ልጨምር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የመቀንጨር ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ከጽንስ እስከ ሁለት ዓመት ባለው 1000 ቀን ውስጥ ነው። ቁመት ብቻ አይደለም የሚያጥረው፣ የአእምሮ ዕድገትም ይጎዳል። መንግሥት መቀንጨርን ለማስቀረት በ2007 የሰቆጣ ቃል ኪዳንን የገባው ለዚህ ነው። ኮሚናሏ ብትከፈት ገንፎውም፣ ክትባት መከታተያውም፣ ጨዋታውም አንድ ቦታ ይሁን። ቤት ለቤት ስዞር እናቶችን የማላገኘው ሥራ ላይ ስለሆኑ ነው። ልጆቹ አንድ ቦታ ቢውሉ እኔም 38ቱን በአንድ ጠዋት እመዝናለሁ።

ከተማ አስተዳደሩም የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም አለው። ማቆያና መጫወቻ ቦታ ማስፋፋት፣ ወላጅን ቤት ድረስ ሄዶ ማማከር ሥራው ነው። ወረዳ ሂዱና ጠይቁ። ባዶ ቤት ይዞ የሄደ ሰፈርና ባዶ እጁን የሄደ ሰፈር እኩል አይደመጡም።


የኮዬ ልጅ (ኮዬ ፈጬ) · ማክሰኞ ማታ 2፡20

እኛ ቤት የምንናገረው ኦሮምኛ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ከመሰራቱ በፊት አባቴ እዚሁ መሬት ላይ ጤፍ ያርስ ነበር። የእህቴ ልጅ አራት ዓመቱ ላይ ኬጂ ገባ። መምህሯ ጥሩ ሰው ናት፣ ግን አማርኛ ብቻ ነው የምትችለው። ሦስት ወር ሙሉ ትንፍሽ አላለም። “ችግር አለበት፣ አሳክሙት” ተባልን። ቤት ሲመጣ እኮ ወሬው አያልቅም! አንድ ቀን ረዳቷ “ቢሻን ባርባዳ?” ብላ ውሃ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችው። በዚያች ቀን ማውራት ጀመረ።

በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአማርኛም በኦሮምኛም የሚያስተምሩ አሉ፣ ጥሩ ነው። ከተማው ዳር ባለ ኬጂ ሁሉ ግን ቢያንስ አንድ ሁለቱንም የምትችል ሰው ትኑር። የብሎክ እናት፣ ረዳት ስትፈልጊ አስቢበት። እህቴ ሥራ የላትም፣ ሁለቱንም ቋንቋ ትችላለች፣ ትዕግሥቷ ሰፊ ነው።


ባለ ሚኒባሱ (የካ አባዶ) · ማክሰኞ ሌሊት 4፡30

ሁለት ቀን ሙሉ ስነዳ ይህን ነገር ሳስብ ነበር። የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ዛሬ በጊዜ ገብቼ ወለል ላይ ተቀመጥኩና “እንቆቅልህ” አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። “ምን አውቅልህ” በል አልኩት። “ምን አውቅልህ” አለ። ቀላሏን ጠየቅኩት፣ “ዙሪያዋን ቀይ፣ መሃሏ ነጭ” ዓይነት፣ እኔው ፈጥሬ። አላወቀም። “አገር ስጠኝ” አልኩት። ትንሽ አሰበና “ውጪን ሰጠሁህ” አለኝ።

“ውጪን”። አገር ማለት ለሱ ከበሩ ውጪ ያለው ነው። ለካ አንድም ቀን ወደ ታች ይዤው ወርጄ አላጫወትኩትም።

ስለ ፓምፑ አሁንም ሐሳቤን አልለወጥኩም። ውሃ ያስፈልጋል። ግን ፓምፑን በኪራይ ሳይሆን በመዋጮ ብናሰራውስ? እኛ ብሎክ እንደዚያ ነው ያደረግነው። በየቤቱ ተከፋፍለን በሦስት ወር ከፍለናል። የሰራልንን ሰው ስልክ በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ኮሚቴሽ ለኪራይ ያለው ምክንያት ፓምፑ ከሆነ፣ እሱን አንሺለት።


የብሎክ እናት (ቱሉ ዲምቱ) · ሐሙስ ማታ 3፡10

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ፓምፕ ሰሪው ትናንት መጣ። ሙሉ በሙሉ አልተቃጠለም አለ። ጥቅልሉ ተቀይሮ ይሰራል። ዋጋው ከፈራነው ግማሽ በታች ነው። ኮሚቴው ወረቀቱን አየ። የሲሚንቶው ሰውዬ ውል ገና አልፈረመም። ሊቀመንበራችን እሁድ እንደገና እንሰብሰብ አሉ። አሸነፍን ማለቴ አይደለም። 41 እጅ አሁንም 41 እጅ ነው።

የልጆቹን ቆጠራ ደገምኩት። 38ቱ ልክ ናቸው። ከነሱ ሌላ፣ ሕጻን ለመያዝ ቤት የሚውሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አራት አገኘሁ። ሦስቱ ሴቶች ናቸው። አንዷ በሩን ስትከፍትልኝ ጀርባዋ ላይ ሕጻን አዝላ ነበር። እሁድ የማነበው ሁለቱንም ቁጥር ነው።

ሚስ፣ እሁድ ከ3 ሰዓት በኋላ ነጻ ከሆንሽ ነይልን። ቆርኪውን ይዘሽ ነይ። ስለ ጨዋታ ንግግር እንድታደርጊ አልፈልግም፣ ልጆቹ መሃል ቁጭ ብለሽ አሳዪያቸው። ከፋዩ አባትም ቢመጡ ደስ ይለኛል፣ ወላጅ ወላጅን ይሰማል። የጤና ኤክስቴንሽኗን ምክር ይዤ ነገ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ወረዳ እሄዳለሁ። የኮዬ ልጅ፣ የእህትህን ስልክ ላክልኝ።

ዛሬ ማታ ልጄን ይዤ ኮሚናሏ ጋ ወረድኩ። በስልኬ መብራት በመስኮቱ አሳየኋት። የድንኳኑን ብረት አይታ “ማሚ፣ እዚህ ማን ይተኛል?” አለች። “ማንም” አልኳት። “ለምን?” አለች። “ብረቱ የማነው? ለምን ጨለመ? በሩ ለምን ተቆለፈ?” እያከታተለች ጠየቀችኝ። ደረጃውን እስክንወጣ ድረስ አላቆመችም።

የብሎካችን ሰው እዚህ ካለ፣ የእድሩን ዕቃ እሁድ ጠዋት አውጥተን ቤቷን ብንጠርጋት ሰው ገብቶ ያያታል። የኮሚናሏ ቁልፍ ማን ጋ ነው?